ከገደሉ በፊት ያለችው ከተማ

ኖርድካፕ ድረስ የሚመጣ ሰው የሚመጣው ገደሉን ብሎ ነው። በኖርዌይ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ማገሮያ በምትባል ደሴት ላይ፣ 307 ሜትር ቁልቁል ወደ ባሕር የሚወርድ ጥቁር ገደል አለ። ከዚያ ወዲያ ውሃ ነው። በሞቃቱ ወራት ግዙፍ የመዝናኛ መርከቦች የደሴቲቱ ከተማ በሆነችው በሆኒንግስቮግ ወደብ ይቆማሉ። የከተማዋ ነዋሪ ወደ 2,500 ቢሆን ነው፤ አንዱ መርከብ ብቻውን ከዚያ የሚበልጥ ሰው ሊያራግፍ ይችላል። ተሳፋሪው ከመርከብ ወደ አውቶቡስ ይገለበጥና 34 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ገደሉ ላይ ፎቶ ይነሣል፣ ተመልሶ ይሳፈራል። ከተማዋን የሚያያት በመስኮት ነው። እኔ መጻፍ የፈለግሁት ግን በመስኮት ስለምትታየው ስለዚህች ከተማ ነው።

ባለቤቴና እኔ ኦስሎ ከኖርን ቆይተናል። ወደ ሰሜን የወጣነው በመጋቢት፣ በረዶው ገና ሳይለቅ ነበር፤ በዚያ መንገድ መንዳት ስለማንደፍር ለአንድ ቀን አስጎብኚ ቀጠርን። የመጣችው ሠላሳዎቹን ያጋመሰች፣ እዚያው ተወልዳ ያደገች ሴት ናት። በቀጥታ ወደ ገደሉ የምትወስደን መስሎን ነበር። እሷ ግን መኪናዋን ከወደቡ ከፍ ብሎ ከሚታየው ነጭ የእንጨት ቤተ ክርስቲያን ፊት አቆመችና "ቀኑን ከዚህ ካልጀመርን የቀረው አይገባችሁም" አለችን።

ቤተ ክርስቲያኑ በ1885 የተሠራ ነው (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ትልቅ አይደለም፣ ጌጥም የለውም። ልጅቷ ጓንቷን አውልቃ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። በሌላኛው እጇ ወደቡን፣ ቀይና ቢጫ ቀለም የተቀቡትን ቤቶች፣ የዓሣ መጋዘኖቹን እያሳየች "ከዚህ ሁሉ ጦርነቱ ሲያበቃ ቆሞ የተገኘው ይሄ ብቻ ነው" አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ1944 ጥቅምት የሶቪየት ጦር ከምሥራቅ ሲገፋ፣ ፊንማርክ የተባለውን ይህን የሰሜን ክፍለ ሀገር ይዞ የነበረው የጀርመን ጦር ማፈግፈግ ጀመረ። ሂትለር ሕዝቡ እንዲነሣ፣ የሚቀረው ሁሉ እንዲቃጠል አዘዘ፤ የሚከተለው ጦር መጠለያ እንዳያገኝ ተብሎ። ወደ 50,000 የሚሆን ሰው ተገዶ ወደ ደቡብ ተጋዘ። ከ20,000 በላይ የሚሆነው ደግሞ አልሄድም ብሎ በዋሻ፣ በተገለበጠ ጀልባ ሥር፣ በአፈርና በሣር በተሠራ ጎጆ ተደብቆ ፀሐይ የማትወጣበትን ወቅት አሳለፈ። በፊንማርክና በጎረቤቱ ሰሜን ትሮምስ ወደ 11,000 መኖሪያ ቤቶች ነደዱ። ሆስፒታሎችም ትምህርት ቤቶችም ተቃጠሉ፤ የስልክ እንጨት ሳይቀር ተቆርጦ ወደቀ።

ባለቤቴ የወልድያ ልጅ ናት። የሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት በ2021 ከተማዋ ሲደርስ ዘመዶቿ በእግራቸው ወጥተዋል፣ ሲመለሱም የተዘረፈ ቤት ነው የጠበቃቸው። እስከዚያ ድረስ ምንም ሳትናገር ስትሰማ ቆይታ ነበር። በመጨረሻ የጠየቀችው አንድ ነገር ነው፦ "ተመለሱ ያላቸው ማነው?"

"ማንም" አለች ልጅቷ። "እንዲያውም መመለስ ተከልክሎ ነበር።"

መንግሥት መጀመሪያ ፕላን ይውጣ፣ ፈንጂው ይነሣ፣ ሥራው በሥርዓት ይካሄድ ብሎ ሰዉ ደቡብ እንዲቆይ ፈልጎ ነበር። ሰዉ ግን በ1945 በጋ ክልከላውን አልፎ በዓሣ ጀልባ እየተሳፈረ መጣ። መጀመሪያ የደረሱት የገቡት እዚችው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው፤ ጊዜያዊ መጠለያ እስኪቆም ድረስ ወለሏ ላይ ተኝተዋል። መንግሥት ከዚህ በኋላ ሁለት ምርጫ ነበረው፤ አስገድዶ ማስወጣት ወይም ካሉበት መደገፍ። መደገፉን መረጠ። በ1946 የመንግሥት የቤቶች ባንክ ተቋቋመ፤ በዝቅተኛ ወለድ የሚከፈል ብድር ሰጠ፣ አርኪቴክቶች ለድሃ ቤተሰብ የሚሆኑ ጥቂት ዓይነት ፕላኖች አወጡ። እነዚያ ቤቶች ዛሬም ቆመዋል። ከቤተ ክርስቲያኑ ቁልቁል ስንነዳ ልጅቷ ፍጥነቷን ቀንሳ አሳየችን፤ ጣሪያቸው ሾጣጣ፣ መስኮታቸው ትንንሽ፣ አንዱ ከአንዱ የማይለይ። የአያቷ ቤት ጋ ስትደርስ መኪናውን አቆመች። በሩ አዲስ ነው፣ ግድግዳው ላይ የሚታየው ጣውላ ግን ከ1940ዎቹ ጀምሮ የነበረው ነው አለችን።

"ኖርዌይ ሀብታም አገር ስለሆነች ነው" የሚል አንባቢ እንደሚኖር አውቃለሁ፤ እኔም መጀመሪያ ይኸው መጣብኝ። ግን ኖርዌይ ትልቁን ነዳጇን ያገኘችው በ1969 ነው። ያኔ ፊንማርክ ተሠርቶ ካለቀ ቆይቷል። ቤቶቹ የተሠሩት ምግብና የግንባታ ዕቃ በራሽን በሚታደልበት፣ አገሪቱም ከአሜሪካ የማርሻል ዕርዳታ በምትቀበልበት ዘመን ነው። ጥያቄው ያን ጊዜም የቅድሚያ ጥያቄ ነበር፤ ባለው ጥቂት ሲሚንቶና ጣውላ ማን ይቅደም የሚል። በእኛ አገር ሰሜን የፕሪቶሪያው ስምምነት ከተፈረመ ከኅዳር 2022 በኋላም በትምህርት ቤት ክፍሎች ውስጥ የከረሙ ቤተሰቦችን ሳስብ የሚያሳስበኝ የገንዘቡ ማነስ ብቻ አይደለም። ሰውየው እርሻውና ቤቱ እንዳለ፣ ለመመለስም ተነሥቶ እያለ፣ አንድ በር፣ አንድ ጣሪያ፣ አንድ ጥንድ በሬ ሆኖ የሚመጣለት ነገር ቀርቶ የጥናት ሰነድ ሲጠብቅ መኖሩ ነው።

ወደ ገደሉ የሚወስደው መንገድ በበረዶው ወራት ለብቻ አይነዳም። ስካርስቮግ ወደተባለችው የዓሣ አጥማጆች መንደር ከሚታጠፈው መገንጠያ ጀምሮ ያለው የመጨረሻ 13 ኪሎ ሜትር በብረት አግዳሚ ይዘጋል፤ የሚከፈተው በተወሰነ ሰዓት ብቻ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ መኪኖች ኬላው ላይ ይሰለፋሉ፣ ትልቅ በረዶ ጠራጊ መኪና ከፊት ይቀድማል፣ የቀረው በኮንቮይ ይከተላል። እኛ ስንደርስ ሁለት አውቶቡሶች፣ የጀርመን ታርጋ ያለው አንድ ካምፐርና ጥቂት የቤት መኪኖች ቆመዋል። ነፋሱ በረዶውን ከመሬት እያነሣ መስኮታችን ላይ ይደፋዋል። ብርቱካናማ የሥራ ልብስ የለበሰ ሰው ከመኪና መኪና እየሄደ መስኮት ያንኳኳል። ነዳጅ አላችሁ? ጎማው የበረዶ ነው? ወፍራም ልብስ ይዛችኋል? መንገድ ላይ ብትቆሙ እንኳ ከመኪናው እንዳትወርዱ። ካምፐሩ ጋ ሲደርስ ቆየ፤ ጎንበስ ብሎ ጎማውን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። ካምፐሩ ከሰልፉ ወጣ። ባለቤቱ አልተከራከረም፣ ሰውየውም አልተቆጣም።

ከዚያ ሄድን። ፊት ያለው መኪና ቀይ መብራት ጥሎ የሚሄድ ጥላ ነው፤ ከሱ በቀር የሚታይ ነገር አልነበረም። የአውቶቡሱ ሹፌር ሊቀድም አልሞከረም፣ የቤት መኪኖቹም በመካከላቸው ያለውን ርቀት እንደጠበቁ ናቸው። አስጎብኚያችን አየሩ ሲከፋ ኮንቮዩ ጭራሽ እንደሚሰረዝ፣ ከሩቅ አገር የመጣ እንግዳም ገደሉን ሳያይ እንደሚመለስ ነገረችን። "እንግዳው ይናደዳል፣ ኬላው ላይ ያለው ሰው ግን የሚጠየቀው ስንት ሰው አሳለፍክ ተብሎ አይደለም።" እዚህ የማከብረው ነገር አለ። ያ በረዶ ጠራጊ መኪና በየቀኑ የሚወጣው መጨረሻው ላይ አንድም ቋሚ ነዋሪ በሌለበት መንገድ ነው፤ ሥራው ግን አስተማማኝ ስለሆነ አስጎብኚው፣ የአውቶቡሱ ሹፌር፣ ካፌ ውስጥ ቡና የምትቀዳው ልጅ በዚህ ወራትም እንጀራ አላቸው።

ስለ ገደሉ ብዙ አልልም፤ ፎቶውን ሁሉም አይቶታል። በ1553 የእንግሊዛዊው የሪቻርድ ቻንስለር መርከብ ወደ ምሥራቅ መንገድ ፍለጋ ሲያልፍ ሰሜናዊ ጫፍ ተብሎ ተሰየመ። በ1664 ፍራንቼስኮ ኔግሪ የተባለ ጣሊያናዊ ቄስ ለማየት ብቻ መጣ፤ የመጀመሪያው ጎብኚ የሚባለው እሱ ነው። የሲያም ንጉሥ ቹላሎንግኮርንም በ1907 መጥተዋል። ልጅቷ ግን ሁለት ነገር አልደበቀችንም፤ እዚያው ደሴት ላይ ክኒቭሼሎደን የተባለው ዝቅተኛ ምላስ መሬት ከዚህ የበለጠ ወደ ሰሜን እንደሚዘልቅ፣ ኖርድካፕ ራሱም ደሴት ላይ ስለሆነ የዋናው አውሮፓ መሬት ጫፍ እንዳልሆነ። እንጀራዋ የሆነውን ቦታ እያሳየች ይህን መናገሯ ቀኑን ሙሉ የነገረችንን እንድናምናት አደረገን። ባለቤቴ ገደሉ ጫፍ ላይ ከቆመው የብረት ሉል ይልቅ ብዙ የቆመችው በ1988 ከታንዛኒያ፣ ከብራዚል፣ ከአሜሪካ፣ ከጃፓን፣ ከታይላንድ፣ ከጣሊያንና ከሶቪየት ኅብረት የመጡ ሰባት ልጆች በሠሯቸው ክብ ቅርጾች ፊት ነው። በጓንቷ በረዶውን እየጠረገች አንድ በአንድ አየቻቸው።

ከገደሉ ተመልሰን ሾርባ ስንበላ ልጅቷን ለምን እንደተመለሰች ጠየቅናት። ትሮምሶ ዩኒቨርሲቲ ተምራለች፣ ደቡብ መኖር ትችል ነበር። "ቤቴ ስለሆነ" አለች መጀመሪያ። ቀጥላ ሒሳቡን ነገረችን። ከ1990 ጀምሮ ፊንማርክና ሰሜን ትሮምስ ልዩ የድጋፍ ቀጠና ናቸው። እዚህ መጥቶ የሚሠራ ሰው የተማሪነት ብድሩ በየዓመቱ በከፊል ይሰረዝለታል። የገቢ ግብሩ ይቀንሳል። ቀጣሪው በሌላው ቦታ የሚከፍለውን የደሞዝ ግብር አይከፍልም። ከነሐሴ 2023 ወዲህ መዋዕለ ሕፃናት በነፃ ነው። ወደቡ ላይ በየቀኑ የሚቆመው የባሕር ዳርቻው መርከብም ከ1893 ጀምሮ ሲመላለስ የኖረው መንግሥት አገልግሎቱን እንዲሰጥ ውል ስለሚገባለት ነው፤ ገበያው ብቻ ቢሆን ኖሮ በየመንደሩ አይቆምም ነበር።

ይህን የምጽፈው በእኛ ዘንድ ጠረፍ መመደብ እንደ ቅጣት ስለሚታይ ነው። ወጣት መምህር ወይም የጤና መኮንን ሩቅ ወረዳ ሲደርሰው ቤተሰቡ የሚያጽናናው ለቅሶ እንደ ደረሰበት ሰው ነው። የመጀመሪያ ጥያቄውም "ዝውውር መቼ ነው?" ይሆናል። ልፈርድበት አልችልም፤ ውሃ የሌለበት ቤት፣ የዘገየ ደሞዝ፣ ልጅ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት የሌለበት ቦታ ነው የጠበቀው። በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ደሞዝ የሚከፈላቸው ሴቶችን በየቀበሌው ሲያሰማራ ምን ያህል እንደለወጠን አይተናል። ብዙዎቹ የተመለመሉት ከዚያው ከአካባቢው ነበር፤ ሰው በቤቱ፣ በወገኑ መሃል ሆኖ ሲሠራና ሲደገፍ እንደሚቆይ እኛም እናውቃለን ማለት ነው።

ሆኖም ልጅቷ አገሯን አላስጌጠችልንም። ምጥ የያዛት ሴት ሐመርፌስት ወደሚገኘው ሆስፒታል ከሁለት ሰዓት በላይ ትጓዛለች፤ መንገዱ በማዕበል ሲዘጋ ምን እንደሚሆን አስቡት። ከ1990 ጀምሮ ኮድ የተባለውን ዓሣ የማጥመድ መብት በጀልባ ኮታ ተከፋፈለ፤ ከዚያ በኋላ ኮታው እየተሸጠና እየተሰበሰበ ወደ ትልልቅ ጀልባዎች ባለቤቶች ሄደ። ዓሣው ከመንደሩ ፊት ለፊት ይዋኛል፣ የመንደሩ ልጅ ግን ሙሉ ኮታ ከፈለገ መብቱን መግዛት አለበት። ግብር መቀነስ ብቻውን ይህን አላስተካከለም፣ ወጣቱም መሄዱን አላቆመም። ፊንማርክ ከዴንማርክ የሚሰፋ መሬት ላይ የሚኖር ወደ 75,000 ሰው ብቻ ነው ያለው።

ከሁሉ ይልቅ ከብዶኝ የዋለው ግን ከሰዓት በኋላ የነገረችን ነው። በደሴቲቱ ላይ ሬንዲሮቹ (የሰሜን አገር አጋዘኖች) የት አሉ ብዬ ጠይቄያት ነበር። በሞቃቱ ወራት የሳሚ (የዚህ ሰሜን ነባር ሕዝብ) አርቢዎች ከካራሾክ አካባቢ ለግጦሽ ያመጧቸዋል፣ በዚህ ወቅት ውስጥ አገር ናቸው አለችኝ። ለአንድ አርቢ ስንት ሬንዲር አለህ ማለት ነውር እንደሆነም ነገረችን፤ ባለቤቴ የእኛም ገበሬ ከብቱን ሲቆጥሩበት አይወድም ብላ ሣቀች። ከዚያ ልጅቷ የእናቷ እናት ሳሚ እንደነበሩ፣ ይህንንም ቤተሰቡ ያወቀው እሳቸው ካረጁ በኋላ እንደሆነ ነገረችን።

ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ጀምሮ ወደ አንድ መቶ ዓመት ያህል የኖርዌይ መንግሥት ሳሚዎችን ኖርዌያዊ የማድረግ ፖሊሲ ይከተል ነበር። ልጆች አዳሪ ትምህርት ቤት ገብተው በማያውቁት ቋንቋ ተማሩ፣ በቋንቋቸው ሲናገሩ ተቀጡ። በ1902 የወጣ ሕግ ፊንማርክ ውስጥ የመንግሥት መሬት ለመግዛት ኖርዌይኛ መናገር፣ ማንበብና መጻፍ የሚችል መሆንን ይጠይቅ ነበር። ይህ ከሁሉ የበረታው በባሕሩ ዳርቻ በሚኖሩት ሳሚዎች ላይ ነው። ከቃጠሎው በኋላ ቤት እንዲሠሩ የደገፋቸውና ልጆቻቸውን ከቋንቋቸው የለየው አንድ መንግሥት ነው። አያቷ አዲሱ ቤት ውስጥ ልጆቻቸውን ያሳደጉት በኖርዌይኛ ብቻ ነበር። ንጉሥ ሐራልድ በ1997 በሳሚ ፓርላማ ይቅርታ ጠየቁ፤ የእውነትና የዕርቅ ኮሚሽን በ2023 ሪፖርቱን አቀረበ፤ የኖርዌይ ፓርላማም በኅዳር 2024 በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። አስጎብኚያችን አሁን ማታ ማታ የሳሚ ቋንቋ ትማራለች። የአያቷን ጨዋታ የምታስታውሰው በኖርዌይኛ ነው።

ይህን ሁሉ ለከፋይ እንግዳ መንገር ግዴታዋ አልነበረም። የጎንደር፣ የላሊበላ፣ የአክሱም አስጎብኚዎቻችን ስለ ነገሥታቱና ስለ ድንጋዩ እንዴት እንደሚያውቁ እመሰክራለሁ፤ ብዙዎቹ በቃል የሚወርዱት ታሪክ የሚደነቅ ነው። የምመኘው ግን አንድ ሰዓት ጨምረው ከቅጥሩ ውጭ ስላለው ሰፈር እንዲነግሩን ነው፤ ከአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ተነሥተው ሌላ ቦታ ስለሰፈሩት ቤተሰቦች፣ ጎብኚ በጠፋባቸው በጦርነቱ ዓመታት ስለተዘጉት ሆቴሎችና ስለ በቅሎ አከራዮቹ። እንግዳው ይህን ሰምቶ አይሸሽም። ባለቤቴ በዚያ ቀን ከሰማችው ሁሉ ለዘመዶቿ ደውላ የነገረቻቸው ስለ ቤተ ክርስቲያኗ ወለል ነው።

ማታ ዳቦ ልንገዛ ከገባንበት ሱቅ በር አጠገብ የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። ያገለገለ የበረዶ ሞተር፣ የጠፋች ድመት፣ ከመሃላቸው አንድ ወረቀት፦ ነርስ ይፈለጋል። ባለቤቴ ነርስ ናትና እስከ ታች አነበበችው። የመኖሪያ ቤት ይገኛል፣ የመጓጓዣ ወጪ ይከፈላል፣ ብድር ይሰረዛል፣ ለትዳር ጓደኛ ሥራ በማፈላለግ እናግዛለን ይላል። ዳቦውን ይዘን ስንወጣ "ሰቆጣ ላይ እንዲህ ያለ ወረቀት ቢለጠፍ ምን ብለህ ትጽፍበታለህ?" አለችኝ። ወደ ማደሪያችን እየሄድን ጻፍነው። ውሃ የሚገባው አንድ ክፍል ቤት። በወሩ መጨረሻ ሳይዘገይ የሚደርስ ደሞዝ። በየዓመቱ ከወጪ መጋራት ዕዳ ላይ የሚቀነስ ሂሳብ። በተወሰነ ዓመት የሚጠናቀቅ፣ በጽሑፍ የተሰጠ የዝውውር መብት። ባለቤቴ አምስተኛ ጨመረች፤ መድኃኒት የማያልቅበት ጤና ጣቢያ፣ ነርሷ በሽተኛ ፊት ባዶ እጇን እንዳትቆም።